ከምድጃው በላይ ያለው ካቢኔት ምን ያህል ይራቅ?

ደሴ ውስጥ ቤት የሚያሠራ ሰው ኩሽናው ላይ ሲደርስ ብዙ ጊዜ የሚጨነቀው ለቀለሙ ነው። ካቢኔቱ ነጭ ይሁን ወይስ የእንጨት መልክ ያለው? ግራናይቱ ጥቁር ይሁን ወይስ ግራጫ? ምድጃው የት እንደሚቀመጥና ከላዩ የሚሰቀለው ካቢኔት ምን ያህል ከፍ እንደሚል ግን የሚነሳው መጨረሻ ላይ ነው። አንዳንዴም ጭራሽ አይነሳም። አናጺው ድሪሉን ይዞ “እዚህ ጋ ይሁን?” ይላል። “አዎ፣ ከጎኑ ካሉት ጋር እኩል ይሁን” ይባላል። በዚያች ቅጽበት የተወሰነው ቁመት ቤቱ እስካለ ድረስ ከእሳት በላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል።

ጉዳዩ የመልክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልጽፍበትም ነበር። ቤት ውስጥ እሳትና እንጨት እንዲህ ተቀራርበው የሚውሉበት ሌላ ቦታ የለም። በመሀላቸው ደግሞ ሰው ይቆማል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

መጀመሪያ ቁጥሩን ልስጣችሁ። ድስት ከሚቀመጥበት የምድጃው ብረት እስከ ካቢኔቱ የታችኛው ጠርዝ 76 ሴንቲ ሜትር ይኑር። ይህ የአሜሪካ የቤት ግንባታና የጋዝ ደንቦች የሚያስቀምጡት 30 ኢንች ነው። ከላይ ያለው ነገር እንጨት ወይም ሌላ ተቀጣጣይ ሆኖ ምንም መከላከያ ካልተደረገለት ማለት ነው። በተገቢው መንገድ መከላከያ ከተገጠመለት ወደ 61 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ሊል ይችላል። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ በጋራ የሚጠቀሙበት የጋዝ ደረጃ ደግሞ መነሻው 60 ሴንቲ ሜትር ነው። ከዚያ ካነሰ የካቢኔቱ ሥር መከላከያ ይፈልጋል። ከ45 ሴንቲ ሜትር በታች ግን መከላከያ ቢኖረውም አይፈቀድም። የአውሮፓ አምራቾች ምድጃና የጭስ መሳቢያ ሲሸጡ ብዙውን ጊዜ ለኤሌክትሪክ 65፣ ለጋዝ 75 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይጽፋሉ።

ቁጥሮቹ ትንሽ ይለያያሉ። ለእኛ ኩሽና እኔ የምመክረው ትልቁን ነው። ምክንያቱን ወረድ ብዬ አስረዳለሁ። ከምድጃችሁ ጋር የመጣ ወረቀት ካለ ደግሞ እሱን እዩት። እሱ ከ76 የበለጠ ከጠየቀ የእሱ ቃል ይጸናል። ወረቀቱ በማታውቁት ቋንቋ ቢጻፍ እንኳ ሥዕሉ ላይ በሚሊ ሜትር የተቀመጠ ቁጥር አይጠፋም። 750 ካያችሁ 75 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው።

ሜትሩ ከየት ይነሳል?

ትልቁ ጣጣ ያለው እዚህ ላይ ነው። ብዙ አናጺ ካቢኔት የሚሰቅለው ከግራናይቱ ተነስቶ ለክቶ ነው። ከወለል እስከ ግራናይቱ 85 ወይም 90 ሴንቲ ሜትር። ከግራናይቱ እስከ ላይኛው ካቢኔት ከ50 እስከ 60። ሽንኩርት ለሚከተፍበት፣ ዕቃ ለሚታጠብበት ቦታ ይህ ልኬት ጥሩ ነው። ሰው ሳይንጠራራ ዕቃ ያወርዳል። እሳት ላለበት ቦታ ግን አይበቃም።

እኛ ዘንድ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ግራናይቱን ቆርጦ ምድጃውን ውስጡ መግጠም አሁን አሁን እየተለመደ መጥቷል። ያም ሆኖ ብዙ ቤት ያለው ግራናይቱ ላይ በእግሩ የሚቆም የጋዝ ስቶቭ ነው። ቁመቱ 12 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ካቢኔቱ ከግራናይቱ 55 ሴንቲ ሜትር ላይ ተሰቅሏል። ከ55 ላይ 12 ሲቀነስ 43 ይቀራል። አውስትራሊያዎች በመከላከያም ቢሆን አንፈቅድም ካሉት ልክ በታች ገባን ማለት ነው። አሁን ድስቱን ጨምሩበት። ለዶሮ ወጥ የሚወጣው ድስት ቁመቱ 25 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ከድስቱ አፍ እስከ ካቢኔቱ የቀረው 18 ሴንቲ ሜትር ነው። ክዳኑን ለማንሳት እንኳ እጅ በቅጡ አይገባም። እንፋሎቱ ሁሉ የሚያርፈው ካቢኔቱ ሥር ላይ ነው።

ስለዚህ ስትለኩ የሜትሩን ጫፍ ግራናይቱ ላይ አታሳርፉ። ድስት የሚቀመጥበት ብረት ላይ አሳርፉት። ከዚያ ወደ ላይ፣ ከካቢኔቱ በጣም ዝቅ እስካለው ነጥብ ድረስ ለኩ። ከሥሩ የመብራት ገመድ ተለጥፎ ከሆነ፣ ለውበት ተብሎ የወረደ ጠርዝ ካለ፣ ልኬቱ የሚያበቃው እሱ ጋ ነው።

ካቢኔት ገና ላላሠራ ሰው ስሌቱ ቀላል ነው። ግራናይቱ 90፣ ስቶቩ 12፣ ርቀቱ 76። ድምሩ 178 ሴንቲ ሜትር። ከስቶቩ በላይ የሚሰቀለው ሳጥን ከወለል 178 ላይ ይጀምር። በግራና በቀኝ ያሉት 145 ላይ ቢጀምሩ ይጀምሩ። ኮርኒሱ 2 ሜትር ከ60 ላይ ከሆነ ከምድጃው በላይ 60 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ሳጥን ይበቃል፤ ቦታም ይተርፋል። እኩል ስላልሆነ አያምርም የሚል ሰው አይጠፋም። ደንብ በሚከበርበት አገር የተነሳ የኩሽና ፎቶ ፈልጋችሁ እዩ። ከምድጃው በላይ ያለው ሳጥን አጭር ሆኖ ወይም ጨርሶ ተትቶ ታገኙታላችሁ። ያ ከፍታ ለዓይን ሲባል የመጣ አይደለም።

ቤቱ ገና እየተሠራ ከሆነ ከዚህም የተሻለ መላ አለ። እኔ በጣም የምወደውም እሱን ነው። ስቶቩ የሚቀመጥበትን ክፍል ብቻ በስቶቩ ቁመት ልክ ዝቅ አድርጎ ማሠራት። ያን ጊዜ እሳቱ ከቀረው ግራናይት ጋር እኩል ይሆናል። ሳጥኑም ከ178 ወደ 166 ይወርዳል። ሌላም ጥቅም አለው። ቁሌት የምታማስል ሴት ክንዷን ሰቅላ አትቆምም። ትልቅ ድስት ውስጥ ያለውን ወጥ ከላይ ሆና ታየዋለች። ይህ ግን ግንበኛው የኩሽናውን ጠረጴዛ ኮንክሪት ከማፍሰሱ በፊት መነገር አለበት። ስቶቩን ቀድማችሁ ግዙ። ቁመቱንም ስፋቱንም ለክታችሁ ቁጥሩን ለግንበኛው ስጡት።

ነበልባሉ ካልነካው ምን ይሆናል?

“እሳቱ እኮ ካቢኔቱ ጋ አይደርስም” የሚል ሰው ብዙ ነው። ልክ ነው፣ በአብዛኛው አይደርስም። ሙቀቱ ግን ይደርሳል። የጋዝ ነበልባል ሙቀት ወደ 1,900 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይጠጋል። ከዚያ የሚነሳው የሞቀ አየር ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል። ሲወጣ ከዙሪያው ቀዝቃዛ አየር እየሳበ ይቀላቀላል። ከፍ ባለ ቁጥር ይሰፋል፣ ይቀዘቅዛልም። በ40 ሴንቲ ሜትርና በ76 ሴንቲ ሜትር መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ የሚሆነው ለዚህ ነው። አየሩ ከቀዝቃዛው ጋር ለመቀላቀል ያገኘው ቦታ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ከአየሩ ሌላ ደግሞ የእሳቱና የጋለው ብረት ጨረር አለ። እሱም ርቀት ሲጨምር ቶሎ ይዳከማል።

የእኛ ካቢኔት ከምን ይሠራል? በአብዛኛው ከቺፕውድ ወይም ከኤምዲኤፍ። ሁለቱም የተፈጨ እንጨት በሙጫ ተጠፍጥፎ የሚወጡ ናቸው። ላያቸው በፎርማይካ፣ በወረቀት ወይም በፒቪሲ ይለበሳል። ጠርዛቸው ላይ በትኩስ ሙጫ ቀጭን ጥብጣብ ይለጠፋል። ያ ሙጫና ያ ፒቪሲ ገና ውሃ በማይፈላበት ሙቀት ይለሰልሳሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ምልክት ጭስ አይደለም። የጠርዙ ጥብጣብ ጫፉ ብድግ ይላል። የበሩ ልባስ ይነፋል። ከዚያ የወጥ እንፋሎት በተላቀቀው ጠርዝ ይገባል። ቺፕውዱ ውሃ ይጠጣል፣ ያብጣል። በሩ አልዘጋ ይላል። ማጠፊያውን የያዘው ብሎን ይላላል። ቺፕውድ አንዴ ካበጠ ወደ ነበረበት አይመለስም። ባለቤቱ “አናጺው ሸወደኝ” ይላል። ብዙ ጊዜ ግን አናጺውም ዕቃውም ጥፋት የለባቸውም። ካቢኔቱ ከድስት አፍ አንድ ስንዝር ላይ ተሰቅሎ ነው የከረመው።

ሁለተኛው ጉዳት ቀስ የሚል ነው፤ የሚያሰጋኝም እሱ ነው። እንጨት በነበልባል ተነክቶ የሚቀጣጠለው በአብዛኛው ከ250 እስከ 350 ዲግሪ ባለ ሙቀት ነው። ይህ ስለ አዲስ እንጨት ነው። ለዓመታት በየቀኑ የሚሞቅ እንጨት ይደርቃል፤ ቡናማ ይሆናል፤ እየቆየ ወደ ከሰልነት ይጠጋል። እንዲህ የሆነ እንጨት ከአዲሱ ባነሰ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል። “ስንት ዓመት አበስዬበት ምንም አልሆነም” የሚለው ማስተማመኛ የማይሆነው ለዚህ ነው። ዓመቱ በጨመረ ቁጥር ካቢኔቱ ለእሳት እየቀረበ ነው የሚሄደው።

በዚያ ላይ ዘይቱ አለ። ከሚጠበስ ነገር ጋር የሚተንነው ዘይት ካቢኔቱ ሥር ይለጠፋል። አቧራ ይይዝና ቢጫ ሙጫ ይሆናል። እሱ ራሱ ነዳጅ ነው።

ወጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል ከተሠራ በኋላ እሳቱን አጥፉና የካቢኔቱን ሥር በመዳፋችሁ ንኩት። መዳፋችሁ ተረጋግቶ ሊቆይበት ካልቻለ ርቀቱ አይበቃም።

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የሚጨመረው

76 ሴንቲ ሜትርን የመረጥኩበት ምክንያት እዚህ ነው ያለው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ወረድ ብላ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ በ94። ባሕር ዳርቻ ላይ 100 ነው። ውሃው ከዚያ በላይ ስለማይሞቅ ሥጋውም ጥራጥሬውም ቀስ ብሎ ይበስላል። ስለዚህ እሳቱ ለረጅም ሰዓት ይነድዳል፣ ካቢኔቱም ለረጅም ሰዓት ይሞቃል። ባቄላና ሽምብራን በፕሬዠር ኩከር የሚቀቅል ሰው ጋዝ ብቻ ሳይሆን ካቢኔቱንም ያተርፋል።

አየሩም ሳስቷል። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ያንሳል። ጋዝ በደንብ ለመቃጠል አየር ይፈልጋል። ነበልባሉ ሰማያዊ መሆኑ ቀርቶ ጫፉ ቢጫ ከሆነና የድስቱ ቂጥ ጥላሸት ከያዘ፣ ጋዙ በደንብ እየተቃጠለ አይደለም። ቢጫ ነበልባል ይረዝማል፤ ከድስቱ ሥር አምልጦ በጎን ይወጣል። ካርቦን ሞኖክሳይድም ያወጣል። የእሳቱን ቀዳዳዎች በደንብ አጽዱ። ካልተስተካከለ የአየር ማስገቢያውን የሚያስተካክል ባለሙያ ጥሩ። ደሴ በክረምት ይበርዳል፤ ጭጋጉም ቤት ይገባል፤ ሰው መስኮት ቢዘጋ አልፈርድበትም። ጋዝ ሲነድ ግን ጠበብ አድርጋችሁም ቢሆን ክፈቱት። ከሰል ከሆነማ ዘግቶ ማንደድ በፍጹም አይሞከርም።

ከዚያ የድስታችን ስፋት አለ። የፋብሪካ ወረቀት ላይ ያለው ርቀት የታሰበው ድስቱ ከእሳቱ ጋር ሲመጣጠን ነው። እኛ ለመውሊድ፣ ለፋሲካ፣ ለሠርግ የምንጥደው ድስት ምድጃውን ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል። ነበልባሉ ወደ ላይ መሄድ ሲያቅተው በድስቱ ሥር ተዘርግቶ በጎን ይወጣል። የጎን ግድግዳውን፣ የጎን ካቢኔቱን ይገርፋል። የድግስ ድስት ከካቢኔት ሥር ባይጣድ ይሻላል። በእኛ አገር ድግስ ሲኖር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤት ተጠራርቶ ግቢ ውስጥ ነው የሚያበስለው። ኩሽናው ቢዘምንም ይህን ልማድ ባንተወው ጥሩ ነው።

መብራት ሲጠፋ የሚሆነውንም አስቡ። ብዙ ቤት በኤሌክትሪክ ምድጃ ይሠራል። መብራት ሲሄድ የጋዝ ስቶቩ ይወጣና እዚያው ቦታ፣ አንዳንዴም ኤሌክትሪኩ ምድጃ ላይ ተደርቦ ይቀመጣል። ለኤሌክትሪክ ታስቦ የተተወ 65 ሴንቲ ሜትር በአንድ ጊዜ ወደ 50 ይወርዳል። እሳቱም ከጋለ ሳህን ወደ ነበልባል ተቀየረ። ስለዚህ አሁን የምትጠቀሙት ኤሌክትሪክ ብቻ ቢሆንም ልኬቱን ለጋዝ አድርጉት። አንድ ቀን ጋዙ መውጣቱ አይቀርም።

የእንጀራ ምጣድ ነገር አጭር ነው። ከካቢኔት ሥር አይቀመጥም። አክንባሎው በተነሳ ቁጥር የሚወጣው እንፋሎት ኤምዲኤፍን ለመጨረስ ጊዜ አይፈጅበትም። ከላዩ ባዶ ግድግዳ ያለበት ጥግ ፈልጉለት።

ሳምቡሳና ዘይት

ረመዳን ሲመጣ ከአስር ሰዓት በኋላ የደሴ ኩሽና ሁሉ ሳምቡሳ ይጠብሳል። ድስት ሙሉ ዘይት፣ ከፍ ያለ እሳት፣ የአፍጥር ሰዓት ደረሰ የሚል ጥድፊያ። አደገኛው ሰዓት ይህ ነው። የምግብ ዘይት 200 ዲግሪን ሲያልፍ መጨስ ይጀምራል። እዚያው ከተተወና ሙቀቱ እየጨመረ ከሄደ ማንም እሳት ሳይነካው በራሱ ይቀጣጠላል። ያኔ የሚነሳው ነበልባል ከድስቱ ከፍ ብሎ ካቢኔቱን በቀላሉ ይደርስበታል። እውነቱን ለመናገር 76 ሴንቲ ሜትርም ቢሆን ከተቀጣጠለ ዘይት አያድንም። የሚሰጣችሁ ጊዜ ነው። ካቢኔቱ ከመያዙ በፊት እሳቱን ለማጥፋትና ክዳን ለመክደን የሚበቃ ጊዜ።

ዘይት ከተቀጣጠለ መጀመሪያ ጋዙን ዝጉ። ቀጥሎ የድስቱን ክዳን ወይም ትሪ ከፊት ወደ ኋላ እያንሸራተታችሁ ክደኑ። ከዚያ አትክፈቱት። እስኪበርድ ይቆይ። ድስቱን አንስታችሁ ወደ ውጭ አትሩጡ፤ በመንገድ ላይ ይፈስሳል። ውሃ ደግሞ በፍጹም አይደፋበትም። አንድ ሊትር ውሃ በአንዴ እንፋሎት ሲሆን ወደ 1,700 ሊትር ይሰፋል። የሚነድደውን ዘይት ይዞ ነው ወደ ላይ የሚፈነዳው፤ ካቢኔቱ ላይ፣ ኮርኒሱ ላይ፣ ፊታችሁ ላይ። ስለዚህ ሳምቡሳ ስትጠብሱ ልክ የሚሆነው ክዳን ከአጠገባችሁ ይኑር። ካቢኔት ውስጥ ሳይሆን በእጅ በሚደረስበት ቦታ።

ጎኑና ጀርባው

ከላይ ያለውን አስተካክሎ ጎኑን መርሳት ቀላል ነው። አውስትራሊያዎቹ ከእሳቱ ጠርዝ እስከ ተቀጣጣይ የጎን ግድግዳ 20 ሴንቲ ሜትር ይጠይቃሉ። ካልሆነ ግድግዳው ከእሳቱ ከፍታ በላይ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር በማይቃጠል ነገር ይሸፈን ይላሉ። ለእኛ ሰፊ ድስት 20 ሴንቲ ሜትር ትንሹ ነው። ረጅም ካቢኔት ወይም ፍሪጅ ከስቶቩ ጋር አታጣብቁ።

ግድግዳችሁ ብሎኬት ከሆነ አብሽሩ፣ አይቃጠልም። ደሴ ውስጥ ግን በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ቤት አሁንም ብዙ ነው። ላዩ ተለስኖና ቀለም ተቀብቶ ብሎኬት ሊመስል ይችላል፤ ውስጡ ግን እንጨት ነው። እንደሚቀጣጠል ግድግዳ ቆጥራችሁ ራቁ። ቺፕውድ ላይ ሴራሚክ መለጠፍም አያድንም። ሴራሚኩ አይቃጠልም፤ ሙቀቱን ግን ወደ ጀርባው ያሳልፋል። የማዳበሪያ ወይም የጨርቅ ኮርኒስ ያለው ኩሽና ከሆነ ደግሞ ካቢኔቱን ከመስቀል በፊት ኮርኒሱን አስቡበት።

መጋረጃ ያለው መስኮት አጠገብ ስቶቭ አይቀመጥ። ነፋስ ነበልባሉን ያጋድማል፤ መጋረጃውን ወደ እሳቱ ያመጣል።

ከስቶቩ በላይ ባለው ካቢኔት ውስጥ ስለሚቀመጠው ዕቃም ልናገር። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ጨውና ዘይት እዚያ ማስቀመጥ የተለመደ ነው፤ ቅርብ ስለሆነ። ነገር ግን እሱን ለማውረድ ሰው በእሳት ላይ ዘንበል ማለት አለበት። የነጠላ ጫፍ፣ የሻርፕ ጫፍ፣ ሰፊ እጅጌ እሳት ላይ ይወርዳል። ልጆች ብስኩት እዚያ ካዩ ወንበር አቅርበው ይወጣሉ። የዘይት ጀሪካን እዚያ መቀመጡ ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። ከምድጃ በላይ ያለው ሳጥን በዓመት አንዴ ለሚወርድ ዕቃ ይሁን።

ሲሊንደሩን ስቶቩ ሥር ካለው ካቢኔት ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው ከካቢኔቱ ታች፣ ወለሉ አጠገብ፣ አየር ማስወጫ ቀዳዳ ያስከፍት። የምግብ ማብሰያ ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ካፈሰሰ ወርዶ ወለል ላይ ይተኛል እንጂ ወደ ላይ አይወጣም። ጎማውን በሳሙና አረፋ ፈትሹ፤ አረፋው ከተነፋ ጋዝ ያፈስሳል።

ላሜራና የጭስ መሳቢያ

76 ሴንቲ ሜትር ካልተገኘስ? መከላከያ አለ፤ አሠራሩ ግን ወሳኝ ነው። ብዙ ሰው የሚያደርገው ላሜራ ቆርጦ ካቢኔቱ ሥር በምስማር ማጣበቅ ነው። ላሜራው ይግላል፤ የተጣበቀበትን እንጨት አብሮ ያግላል። ለዓይን እንጂ ለሙቀት ብዙም አይጠቅም። የአሜሪካው ደንብ ወደ 61 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ለማለት የሚፈቅደው ሁለት ነገር ነው። አንዱ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሙቀት የማያሳልፍ ሰሌዳ በላሜራ ተሸፍኖ ካቢኔቱ ሥር ሲገጠም ነው። ሌላው የብረት የጭስ መሳቢያ ሆኖ በእሱና በካቢኔቱ መካከል ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሲኖር ነው። መሳቢያው ከምድጃው ስፋት ማነስ የለበትም። ዋናው ነገር ክፍተቱ ነው። አየር በመሀል ሲያልፍ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ አናጺው ላሜራውን ሲገጥም በብሎኖቹ መሀል የብረት ሮንዴላ ደራርቦ እንዲያርቀው ንገሩት። ጠርዙንም በሲሊኮን አይድፈነው። ይህ ካቢኔቱን ይጠቅማል፤ ያለ ሰሌዳው ግን ርቀቱን ወደ 61 ለማውረድ አይበቃም።

ሁድ የሚባለው የጭስ መሳቢያ ራሱ ልኬት አለው። በጣም ከወረደ ይግላል፤ ማጣሪያው ላይ ያለው ዘይት ሊቀጣጠል ይችላል። በጣም ከተሰቀለ ጭሱን አይስብም፤ በጎን ያመልጣል። ለጋዝ ከ65 እስከ 75 ሴንቲ ሜትር ብዙዎቹ የሚሠሩበት ነው፤ የራሱን ወረቀት ተከተሉ። ቱቦው ወደ ውጭ ይውጣ። ቱቦውን ካቢኔቱ ውስጥ ወይም ከኮርኒሱ በላይ የሚተውት ሠራተኞች አሉ። ያ ማለት የዘይቱን ጭስ ሰብስቦ በማይታይ ቦታ፣ እንጨት ላይ መድፋት ነው። ማጣሪያውን ቢያንስ በወር አንዴ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡት። ሳምቡሳ በየቀኑ በሚጠበስበት ወር ቶሎ ቶሎ።

ካቢኔቱ ከተሰቀለ በኋላ ከሆነ

ለክታችሁ 43 ወይም 50 ካገኛችሁ ኩሽናውን ማፍረስ አያስፈልግም። ከሁሉ የሚቀለው ስቶቩን ማዛወር ነው። ከላዩ ካቢኔት የሌለበት ግድግዳ ካለ፣ ወይም ጠንካራ የብረት ጠረጴዛ ማስገባት ከቻላችሁ፣ የጋዙን ጎማ በልኩ አስቀይራችሁ ወደዚያ ውሰዱት። የተቀጠለ ጎማ ግን አትጠቀሙ።

ማዛወር ካልተቻለ ከስቶቩ በላይ ያለውን አንድ ሳጥን ብቻ አስወርዱት። ካቢኔት ብዙ ጊዜ በየሳጥኑ ተሠርቶ ጎን ለጎን በብሎን ስለሚያያዝ አንዱን መንቀል ለአናጺ ከባድ ሥራ አይደለም። የወረደው ሳጥን ሌላ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። በክፍተቱ የጭስ መሳቢያ ይገባል፤ ካልሆነም ባዶ ይቀመጥ። የጎረቤት ሳጥኖቹ ጎን አሁን ለሙቀት ተጋልጧል። ስለዚህ እነሱንም በክፍተት በተገጠመ ላሜራ ሸፍኑ። ሦስተኛው መንገድ ሳጥኑን ከታች በኩል አሳጥሮ በር መቀየር ነው። የተቆረጠው የቺፕውድ ጠርዝ ግን እርቃኑን ከቀረ እንፋሎት ስለሚጠጣ በደንብ ይሸፈን።

ተከራይ ለሆነ ሰው ግድግዳ መንካት አይቻል ይሆናል። ለአከራዩ ሜትሩን ይዛችሁ አሳዩዋቸው። “ጋሼ፣ ይኸው 43 ነው፤ ቢያንስ 76 መሆን ነበረበት” ማለት ይቻላል። የሚቃጠለው የእሳቸው ቤት ስለሆነ ይሰሙ ይሆናል። እስከዚያው ከስቶቩ በላይ ያለውን ካቢኔት ባዶ አድርጉት። ሥሩን በየሳምንቱ ከዘይት አጽዱ። ትልቁን ድስትና መጥበሻውን ወደ ግቢ አውጡ። ከካቢኔቱ ሥር ትንሽ ድስት፣ ለስ ያለ እሳት ብቻ ይሁን።